ውሃ ጠባቂው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን። ዛሬ የማወራችሁ ድንጋይ ስለሚመስል፣ ነገር ግን አፍ ስላለው፣ ስለሚበላ፣ ሲነኩት ስለሚሸማቀቅ አንድ ፍጡርና እሱን አኖራለሁ ብሎ ዓመታት ሙሉ ውሃ ሲለካ ስለኖረ አንድ ሰው ነው። ሰውየው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኛ ቤት ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፤ እናንተም ጋሼ በሉት።

ጋሼ በንጉሡ ዘመን፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ከደጋ ወደ ምጽዋ ወረደ። ከውሃ የሚያውቀው የክረምት ጅረትና የምንጭ ውሃ ብቻ ነበር። እናም ከአሥመራ ቁልቁል ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ ደመናው ከበላዩ ቀረ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣ ከዚያም ሹራቡን አወለቀ፣ ከዚያም ወደቡ ሲደርስ አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ተጠመጠመበት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው እየወጣ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ይዞር ነበር። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ልስኑ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ጣቱ ጥቃቅን ኮከቦች ያገኛል፤ አንዱ ከሌላው ጎን ተጠጋግተው የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው ከመሃል ወደ ዳር በቀጫጭን መስመር የተከፋፈሉ። ማን እንደቀረጻቸው አያውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን መርከባቸው ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ መልሕቅ ጣለች። ነፋስ የለም፤ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ቀረበ፣ ጋሼም ወረደ፣ አጥማጁም ታቹ መስታወት የሆነ ቆርቆሮ ሰጠውና ውሃው ላይ አድርጎ እንዲያይበት በእጁ አመለከተው። ጋሼ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዝም ይላል። "ከታች ሌላ አገር ነበር" ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ምን ይመስል እንደነበር ስጠይቀው እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ያወዛውዛቸዋል፤ መልሱ ያ ነው።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። ያንን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የየቤታችን ታሪክ ነው። ጋሼ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ ገባ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ተቀመጠ፣ ታክሲ ነዳ፣ አገባ፣ ልጅ ዳረ፣ የልጅ ልጅ አየ። ባሕሩን የረሳው ይመስል ነበር።

አንድ የጥር ቀን ግን ከደለስ አየር ማረፊያ ያመጣው ተሳፋሪ የዓሣ መሸጫ ሱቅ በር ላይ ወርዶ "ጠብቀኝ" አለው። በረዶ ይጥላል፣ የጋሼ እግር ደንዝዟል፣ እናም ልሙቅ ብሎ ተከትሎ ገባ። በሱቁ ጥግ ሰማያዊ መብራት የበራበት የመስታወት ገንዳ ነበር። በገንዳው ውስጥ ደግሞ አንገታቸው የረዘመ፣ እያንዳንዳቸው ጫፋቸው ላይ ሃያ አራት ጣት ያላቸው አበቦች፣ መስከረም ላይ ንፋስ እንደነካው የአደይ ማሳ፣ አንድ ላይ ጎንበስ ቀና ይሉ ነበር። ጋሼ ጠጋ ብሎ አየ። ተሳፋሪው ጉዳዩን ጨርሶ፣ መጥቶ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎት ነው የባነነው።

ያ ኮራል ጎኒዮፖራ ይባላል። ሻጩ "ለጀማሪ የሚሆን ነው" አለው፤ ጋሼም አመነው፤ በዚያው ሳምንት ገንዳውንም፣ ጨውንም፣ ኮራሉንም አንድ ላይ ገዝቶ ቤቱ አስገባ። አንድ ወር አማረ። ሁለተኛውም ወር አማረ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አበቦቹ አርፍደው መከፈት ጀመሩ፣ ከዚያ አንገታቸው አጠረ፣ ከዚያ በአንድ ጎን ሥጋው ሸሽቶ ነጭ አጥንት ብቅ አለ፣ እናም በሰባተኛው ወር ሁሉም አለቀ። ጋሼ አውጥቶ አጠበውና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ሲደርቅ በጣቱ ዳሰሰው። ኮከቦቹ እዚያው ነበሩ፤ ያኔ በሌሊት የምጽዋ ግድግዳ ላይ የዳሰሳቸው።

በእነዚያ ዓመታት ከባሕር ተነቅሎ የመጣ ጎኒዮፖራ በሰው ቤት ዓመት መድፈኑ ብርቅ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፤ የገዛውም ሰው ደኅና ነው እያለ ወራት ያልፋሉ፤ ሻጩም ሌላ ያስመጣል። ዛሬ በሰው እጅ ከተራባው ቁራጭ የሚነሱት የተሻሉ ናቸው። ያ ግን የዛሬ ነው። ጋሼን ያሳዘነው ገንዘቡ አይደለም። "እንዳልሞተ እያሰብኩ ስንት ቀን ሲሞት አየሁት" ነበር ያለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ገንዳውን ሸጦ ይገላገል ነበር። ጋሼ ግን የልጅ ልጁን ይዞ ዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት መናፈሻ ሄደ። ያኔ እዚያ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ብቻ የሚታዩበት ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ተከፍቶ በ2014 የተዘጋው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኮራሉ ገንዳ ፊት ቆመችና "ባባ፣ ይሄ ድንጋይ ነው? አበባ ነው? ወይስ እንስሳ?" አለች። ጋሼም መልስ አጣ። ሰባት ወር ቤቱ ያኖረውን ነገር ምንነቱን አያውቅም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ላቁመውና ስለ ሌላ ሰው ልንገራችሁ፤ ያቺ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያደናገረ ነውና። ከማርሴይ የመጣ ፔይሶኔል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ፣ ሰው ሁሉ ኮራልን የባሕር ተክል ነው ሲል፣ እሱ ከባሕር ትኩስ የወጣውን ኮራል የባሕር ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ተቀመጠና አየው። አበባ የተባለው ሲነኩት ይሸሸጋል፣ ሲተውት ይወጣል፣ ጣቶቹን ይዘረጋል። እንስሳ ነው አለ፤ ጽፎም ወደ ፓሪስ ላከ። በዚያ ትልቁ ሊቅ ሬዮሙር ነገሩን ለሊቃውንቱ ጉባኤ ሲያቀርብ ሰውየውን እንዳያሳፍረው ብሎ ስሙን ሳይጠራ አለፈው። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አለፈ፣ ሌላ ሰው በኩሬ ውሃ ውስጥ የኮራልን ዘመድ ሃይድራን መርምሮ እንስሳ መሆኑን አሳየ፣ እናም ሐኪሙ እውነቱን እንደነበር ታወቀ። እሱ ግን ያኔ ጓዴሉፕ ደሴት ላይ፣ ከአገሩ ርቆ፣ በሽተኛ እያከመ ይኖር ነበር። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር ኮራል በዕቃ ውሃ ውስጥ አኑሮ፣ ዝም ብሎ፣ በትዕግሥት ማየት ነበር።

እንግዲህ ወደ ጋሼ እንመለስ። የእንስሳት ቤቱ አስተናጋጅ የሆነች ወጣት ሴት ለልጅቷ በርከክ ብላ አስረዳቻት፤ ጋሼም ከኋላ ቆሞ እንደ ተማሪ ሰማ። ኮራል እንስሳ ነው። እያንዳንዱ አበባ ፖሊፕ ይባላል፤ መሃሉ ላይ አፍ አለው፣ ዙሪያውን የሚናደፉ ጣቶች አሉት። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ የድንጋይ ቤት ይሠራል፤ በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ያስጠልላል። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠሩና ለባለቤቱ ያካፍሉታል፤ ከሚያስፈልገው ምግብ አብዛኛው ከእነሱ ይመጣል። ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅበት ግን ኮራሉ እንግዶቹን ያስወጣል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ቶሎ ካልተመለሱለትም በረሃብ ይሞታል። ልጅቷ "ታዲያ የቤት ኪራይ ይከፍሉታል ማለት ነው" አለች፤ ሴትየዋም ሳቀች፤ ጋሼም እስከ ዛሬ ኮራልን ለሰው ሲያስረዳ ከዚያች ልጅ ቃል የተሻለ አላገኘም።

ከዚያ ጋሼ ከውሃው ጀመረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከኮራሉ አይደለም የጀመረው፣ ከውሃው ነው። በዚያ አካባቢ የቧንቧ ውሃ ላይ አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን ይጨመርበታል፤ ለሰው ይጠቅማል፣ ለኮራል ግን መርዝ ነው፤ ከቧንቧው የሚፋቅ ትንሽ መዳብ እንኳ አከርካሪ አልባ እንስሳትን ይገድላል። ስለዚህ ውሃውን ስስ ወንፊት በመሰለ ሽፋን በግፊት እያሳለፈ የሚያጣራ መሣሪያ ገዛና ከማጠቢያው ሥር ገጠመው። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላል። በዚያ ንጹሕ ውሃ ላይ የባሕር ጨው በጠበጠ፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ እስኪሆን ድረስ እየለካ፣ እያማሰለ፣ አሁንም እየለካ። አዲሱ ገንዳ 75 ጋሎን ይይዛል፤ 280 ሊትር ይበልጣል።

ከዚያ ድንጋይ አስገባ፤ ባሕር ውስጥ ኖሮ ባክቴሪያና ጥቃቅን ነፍሳት ያደሩበት ድንጋይ። ይህ ብልሃት የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው፤ ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 እንዲህ ያለ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራልና ዓሣ እንደሚያኖር ጽፎ ዓለምን አሳወቀ። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ከቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እስኪበረክቱ ድረስ ግን ሳምንታት ይወስዳሉ። ጋሼ ሳምንታቱን ወራት አደረጋቸው። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ፣ ወንበር ስቦ፣ ምንም የሌለበትን ውሃ ያያል። ባለቤቱ እትዬ ከማድ ቤት ብቅ ትልና "ሰው ዓሣ ያስቀምጣል፤ አንተ ውሃ አስቀመጥክ!" ትለው ነበር። እሱም "ይረፍ፤ ገና አልሰከነም" ይላታል። ጠላ እንደሚጠምቅ ሰው ነው የተናገረው፤ እሷም ገባትና ተወችው።

እናም በጥቅምት መጨረሻ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀይ በሆነበት ቅዳሜ፣ ፎልስ ቸርች የሚኖሩ አንድ የቬትናም ተወላጅ ሽማግሌ ቤት ሄድን። እኔም አብሬ ነበርኩ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሕር በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ፤ ማኅበርም አላቸው፤ አንዱ ከገንዳው ኮራል ቆርጦ ለሌላው ይሰጣል፣ ወይም በርካሽ ይሸጣል። ቁራጩን ፍራግ ይሉታል። ሽማግሌው በር ላይ ጫማችንን አውልቀን እንድንገባ በእጃቸው አሳዩን፣ ሻይ አቀረቡልን፣ ከዚያ ወደ ምድር ቤት አወረዱን፤ መላው ግድግዳ ባሕር ነበር።

ጋሼ ዓይኑ ያረፈው ችቦ ኮራል ላይ ነበር። ስሙ ራሱ ችቦ ነው፤ ረጃጅም ጣቶቹ ጫፍ ላይ ቢጫ ብርሃን የያዙ፣ የደመራ ማታ በኮረብታ ላይ ከሩቅ የሚታይ ሰልፍ ይመስላሉ። ሽማግሌው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቆንጆ ነው፤ ግን ጎረቤቱን ይናደፋል፤ ሲታመምም በሁለት ቀን ቡናማ ልፋጭ ሆኖ ያልቃል። አንተ ይህን ውሰድ" ብለው ከጎኑ ያለውን አሳዩት። መዶሻ ኮራል ይባላል፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ መዶሻ ራስ ወደ ጎንና ጎን የተዘረጋ፣ አረንጓዴና ወርቅማ። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተያያዘ ነው፤ አንድ ቦታ ከታመመ ሕመሙ በሙሉ አካሉ ይዛመታል፣ ሲቆርጡትም ሥጋውን መሰንጠቅ ግድ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ ራስ በየራሱ የድንጋይ ግንድ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ጋሼ ቅርንጫፍ ያለውን መረጠ።

ሽማግሌው ታዲያ እንዴት እንደሚመረጥ ሲያሳዩት፣ እንደ ገበያ በሬ አገላብጠው ነበር ያሳዩት። አስቀድሞ መዳፋቸውን ውሃው ውስጥ ቀስ አድርገው አወዛወዙ፤ ኮራሉም ጣቶቹን ሰበሰበ፤ "ሲሰበሰብ ነው ከውሃ የሚወጣው፤ ተነፍቶ ሳለ ካወጣኸው በራሱ ክብደት ይቀደዳል" አሉት። ከዚያ ሥጋው ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበትን ዳር አሳዩት። ጤነኛ ከሆነ ሥጋው ከአፉ ጠርዝ አልፎ ወደ ታች ወርዶ ግንዱን ያለብሳል፤ የድንጋዩ ሹል ጥርሶች ከወጡ፣ ወይም ዳሩ ላይ ነጭ አጥንት ከታየ፣ ሥጋው እየሸሸ ነውና አትግዛ። አፉ ቧ ብሎ የተከፈተ ከሆነም አትግዛ። ዛሬ ሱቅ የደረሰውን አትግዛ፤ ሁለት ሳምንት ይቆይና ተመልሰህ እየው። ከዚያ ቀጥለው የተናገሩት ነገር ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ቁራጭ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ እናቱም እዚሁ ምድር ቤት ነው ያደገችው አሉ። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው፤ ከአገር አገር የሚዘዋወሩት በፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ ቢኖርም፣ በሰው ቤት ተቆርጦ የሚሰጥ እያለ፣ ባሕር ውስጥ የቆመውን ማስነቀል ለምን? እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ ጋሼም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሕር የመጣ ገዝቶ አያውቅም።

ሁለት ራስ ነበር ያገኘው። በጽዋ ውሃ ውስጥ አድርገው፣ በከረጢት አስረው ሰጡት፤ እሱም ከጋቢው ሥር ሸጉጦ፣ ታክሲውን እንደ አራስ ተሸካሚ እየነዳ አመጣው። ቤት ሲደርስ ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፈፈ፣ ሙቀቱ እኩል ሆነ፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ የራሱን ገንዳ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት፣ ከዚያ ተባይ ካለው ብሎ በመድኃኒት ውሃ አጠበው፣ ከዚያ ከታች፣ ብርሃኑ ደከም ባለበት፣ ማዕበሉ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አቆመው። ከሌላው ነገር ሁሉ አንድ ስንዝር አራቀው፤ መዶሻውም ቢሆን ሌሊት የሚናደፍ ረጅም ጣት ያወጣልና። ሦስት ቀን አልተከፈተም። እትዬ "ሞተ እንዴ?" ስትለው "ይልመድ" አላት፤ እጁንም ኪሱ አድርጎ ቆመ። የነካካው ሰው ብዙ ጊዜ በአራተኛው ቀን ይቆጨዋል። በአራተኛው ቀን ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዕለት ሥራ ነው፤ ልንገራችሁ፣ ግን አይረዝምም። ጠዋት ጠዋት የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ ይጨምራል፤ በቀን አንድ ጋሎን ገደማ። ልብ በሉ፣ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል፤ ጨዋማ ውሃ የጨመረበት ሰው በባሕሩ ላይ ጨው እያበዛ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከአሥር እጅ አንዱን ውሃ ይለውጣል። ሙቀቱን ሴልሺየስ 25 ወይም 26 ላይ ያኖራል። ካልሲየሙን በሊትር ወደ 420 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየሙን ወደ 1300 ይጠብቃል፤ አልካሊኒቲ የሚሉትን፣ ኮራሉ ድንጋዩን የሚሠራበትን የካርቦኔት ልክ፣ በስምንትና በዘጠኝ ዲግሪ መካከል። ሁሉንም በደብተር ይጽፋል። ደብተሩ የታክሲ ደረሰኝ የሚመዘግብበት ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ የቤንዚን ዋጋና የባሕር ውሃ ልክ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አንድ ቀን አልካሊኒቲው ወርዶ አገኘውና "ለምን ባንዴ አትሞላውም?" አልኩት። "የተራበ ሰው ባንዴ ይጠግባል እንዴ?" አለኝና አራት ቀን ከፋፍሎ መለሰው። ኮራል ከትክክለኛው ቁጥር ይልቅ የማይናወጠውን ቁጥር ይወዳል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ የልጅ ልጁ በረጅም መምጠጫ የደቀቀ ሽሪምፕ ወደ እያንዳንዱ አፍ ታደርሳለች፤ ጣቶቹም ይዘጋሉ፣ ቀስ ብለውም ወደ መሃል ይወስዱታል። "በላ!" ትላለች፤ ጋሼም "እሰይ" ይላል።

ሁለቱ ራሶች አራት ሆኑ። አንዱ አፍ ይለጠጥና መሃሉ ይጠብባል፣ ወራት አልፎ ሁለት አፍ ይሆናል፣ ከዚያም ግንዱ ራሱ ይከፈላል። አራቱ ስድስት፣ ስድስቱ ዘጠኝ ሆኑ፣ እናም በአራተኛው ዓመት አሥራ አራት ራስ ቆጠርን።

ከዚያ ያ አርብ መጣ። ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ በዋሽንግተን ሙቀቱ 40 ዲግሪ የደረሰበት፣ በሰኔ ታይቶ የማይታወቅ ሙቀት የተመዘገበበት ቀን። ሲመሽም አልበረደም። ዛፉ ዝም ብሏል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ያለ ነጎድጓድ ይብለጨለጭ ጀመር፣ ከዚያም ነፋሱ እንደ ባቡር መጣ። ዴሬቾ ይሉታል፤ በአንድ ቀን ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ፣ ተራራ ተሻግሮ፣ እስከ አትላንቲክ የሮጠ ማዕበል። ዛፍ በቤት ላይ ወደቀ፣ ምሰሶ ተሰበረ፣ በዚያ አካባቢ ብቻ ከሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ተቋረጠበት። ጋሼ ቤትም ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። በዚያ ጨለማ ውስጥ በመጀመሪያ የሰማነው ዝምታውን ነበር፤ አራት ዓመት ያልተቋረጠው የውሃ ድምፅ ጸጥ አለ።

ውሃ ሲቆም አየር ያጥረዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው አየር ጭራሽ ይቀንሳል። ጋሼ በባትሪ የሚሠራውን የአየር መንፊያ አውጥቶ አስገባ። ቅዳሜ ጠዋት ውሃው 27 ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ 28 አለፈ፤ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ራሱ ይፈጃል። ጋሼ ታክሲውን መስኮቱ ሥር አቆመ፣ የመኪና ባትሪን ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ኢንቨርተር አያያዘ፣ ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት አስገባ፣ እናም በየሰዓቱ ሩብ ሰዓት ሞተሩን እያስነሣ ፓምፑን አዞረ። ከማቀዝቀዣው በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች አወጣ፤ አንድ አንድ እያለ ክዳናቸውን እንደዘጋ ገንዳው ላይ አንሳፈፋቸው። በረዶውን እንዲሁ ባንዴ ቢጨምረው ሲቀልጥ ጨውን ያቀጥነው ነበር። ጠርሙሱ እሑድ ጠዋት አለቀ። በረዶ ደግሞ በከተማው ሱቅ ሁሉ አልቋል።

እዚህ ላይ የጽዋ ማኅበራችንን ሴቶች ላመስግን። እትዬ ስልኳ ላይ የቀረችውን ትንሽ ባትሪ ይዛ ደወለች፤ "የውሃው ልጅ ሊሞትብን ነው" አለች፤ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። መብራት ከነበራቸው ሰፈሮች፣ ከምግብ ቤቶች ጓዳ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በእንጀራ መሶብ ሳይቀር በረዶ መጣ። እትዬም ወንበር ስባ ተቀመጠችና የቡና ማርገብገቢያዋን ይዛ የውሃውን ፊት ታራግብ ጀመር። እንስራ ጥላ ውስጥ ሲያልበው ለምን እንደሚቀዘቅዝ ከእናቷ ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የሚተን ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እሷ ሲደክማት ልጇ፣ ልጇ ሲደክማት እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ ልጅቷ። ሙቀቱ 29 ላይ ቆመ። ሠላሳ አልነካም። ኮራሉ ተሸማቆ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ግን ሥጋው ሳይሸሽ ቆየ፤ ማክሰኞ ሌሊትም መብራቱ መጣና ፓምፑ እንደ ሰው ተንፍሶ ተነሣ። እትዬ ማርገብገቢያውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጋሼ ነጠላዋን አለበሳት።

ከአሥራ አራቱ አንድ ራስ ሞተ። አሥራ ሦስቱ በነሐሴ ወርቃቸው ተመለሰ።

ሽማግሌውስ? ያ ማዕበል ሲመጣ ካሊፎርኒያ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ ቤታቸው ተዘግቶ ነበር፤ ሲመለሱ የዚያ ሁሉ ግድግዳ ባሕር ጠቁሮ ሸትቶ ጠበቃቸው። ጋሼ ይህን ሲሰማ ወዲያው አልደወለም፤ ለሐዘንተኛ የሚባለውን በእንግሊዝኛ ማግኘት ከበደው። ከዚያ ሄደና አብሯቸው ተቀመጠ፤ ድንጋዩንም አብረው አጠቡ። እሳቸውም አዲስ ውሃ ጀመሩ፣ እናም ጠበቁ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።

በኅዳር መጨረሻ ጋሼ እጁን ታጠበ፣ መዳፉን ገንዳው ውስጥ አወዛወዘ፣ ኮራሉ ተሰበሰበ፣ ከዚያም ከሥጋው በታች፣ ባዶው አጥንት ላይ፣ ሁለት ግንድ በትንሽ መጋዝ ቆረጠ። ድምፁ ጠመኔ እንደ መቁረጥ ነበር። ሦስት ሳምንት አሳረፋቸውና በጽዋ ውሃ፣ በከረጢት፣ ከጋቢው ሥር ይዞ ወደ ፎልስ ቸርች ነዳ። በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ሽማግሌው ከረጢቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩ፤ የራሳቸው ነበር፤ አወቁት። ምንም አላሉም፤ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከረጢቱ ተንሳፈፈ፣ ውሃው ጠብ ጠብ አለ፣ ኮራሉም ከታች፣ ብርሃኑ ደከም ባለበት ቆመ። ሁለቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ውጭ የመጀመሪያው በረዶ ይጥል ነበር። የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ ደለስ አየር ማረፊያ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው፤ አየውና ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።